ረሃቡማ አለ

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። «ትንሽ ልቀንስ» ብላ ከጀመረች ዓመት አለፋት፤ አሁን አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው። ግን ቀኑን ሙሉ ስልኳ ላይ የምግብ አሠራር ስታይ ትውላለች። ለእኛ አብስላ ታቀርባለች፣ እስክንጨርስ ቆማ ታየናለች። ራሷ ግን ሁለት ጉርሻ ሳትውጥ «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ትዋሸኛለች። ጭቅጭቁ ሲሰለቸኝ «ሲርባት ትበላለች» ብዬ ተውኳት፤ ይኸው ሁለት ወር ሆነ። አሁን ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትበላው። የወር አበባዋም ቆሟል። የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት ካለ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ውድ እናት፣ በደብዳቤ ብቻ «በሽታው ይህ ነው» ማለት አልችልም። የጻፉልኝ ሁሉ ግን ሰውን መብላት የሚያስፈራውን፣ አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚባለውን ሕመም በጣም ይመስላል።

የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ነው። እኔ ግን «ሲርባት ትበላለች» የምትለዋን አልፌ መሄድ አቃተኝ። ማንም እናት የምትለው ነው። ልጅ ያኮርፋል፣ ይርበዋል፣ መጥቶ ይበላል። እርስዎም ያንን እየጠበቁ ነው።

ረሃቡ ግን መጥቷል። ወራት አልፈውታል።

ሆዳችን ባዶ ሲሆን ጨጓራ ግረሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ለአንጎል «ብላ» የሚለው እሱ ነው። ሌፕቲን የሚባለው ደግሞ ከሰውነት ስብ ይወጣል፤ ስንቅ መኖሩን ይናገራል። በአኖሬክሲያ ክፉኛ በከሱ ሰዎች ደም ውስጥ ግረሊን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ፣ ሌፕቲን በጣም ወርዶ ይገኛል። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ተርቧል። የወር አበባዋም የቆመው ከዚሁ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ስንቅ ያለቀበት አካል መውለድን የሚያህል ነገር ወደ ጎን ይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ጥናት ውስጥ አስገብቶ ለስድስት ወር ያህል ምግባቸውን ቀነሰ። ሰዎቹ ሌላ ሰው ሆኑ። ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩ ነበሩ። ትንሿን ምግብ ለረጅም ሰዓት የሚያንቀራፍፉም ነበሩ። ስለ መክሳት ተጨንቀው የማያውቁ ወንዶች ናቸው። እንዲህ ያደረጋቸው ረሃብ ነው።

አሁን ልጅዎን መልሰው ይዩአት። እናንተ ስትበሉ ቆማ የምታየው ስለራባት ነው። እንዳትበላ የያዛት ፍርሃት ነው። ረሃቡ በጮኸ ቁጥር «አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም» የሚል ድንጋጤ ይመጣባታል። ስትከለክለው ደግሞ ለጊዜው እፎይ ትላለች። ለዚህ ነው የፍላጎት መክፈቻ የማይፈታላት። ፍላጎቱ ክፍት ነው።

«ትዋሸኛለች» ያሉትንም በከፊል ላስተባብል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ጨጓራ ምግብን ቶሎ አያሳልፍም። በሁለት ጉርሻ ሆዷ ይነፋል። ስለዚህ «ጠግቤያለሁ» ስትል የእውነት የሚሰማት ነገር አለ። መራቧም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ተሸክማ ነው የምትውለው።

አንድ ነገር ልናገር፣ አይቀየሙኝ። ደብዳቤዎ ውስጥ መሰልቸት አለ፣ መናደድ አለ። «ፈራሁ» የሚል ግን አጣሁበት። «ሲርባት ትበላለች» ከፍርሃቱ ማረፊያ የሆነችዎት ይመስለኛል። አልፈርድብዎትም፤ ዓመት ሙሉ የታገለ ሰው ይደክመዋል። ግን ብቻዋን መብላቷ ሕመሙን ነው የሚጠቅመው። እሷ «ተዉኝ» ብትልም፣ መተው የሚያስፈራት ይመስለኛል።

ስለዚህ ወደ ገበታው ይመለሱ። አጠገቧ ይቀመጡ፤ ስለ ሰውነቷም ስለ ኪሎዋም አያውሩ። በዚህ ዕድሜ በደንብ ከተጠኑት ሕክምናዎች አንዱ፣ ወላጆች በባለሙያ እየተመሩ የማብላቱን ኃላፊነት ለጊዜው የሚረከቡበት ነው። ብቻዎን ግን አይጀምሩት። ብዙ ለከሳ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ማብላት በደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር አውርዶ ልብን ሊጎዳ ይችላል። አስቀድሞ ሐኪም ልቧን፣ ደሟንና በደሟ ውስጥ ያሉትን ጨዋማ ንጥረ ነገሮች ይይላት። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት ወይም መሞትን ካነሳች ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዷት። «የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ አልሄድም» ካለች እርስዎ ቀድመው ይሂዱ። ኪሎው ሲመለስ ሆርሞኖቹም ቀስ በቀስ ይስተካከላሉ፤ ፍርሃቱ ግን የሚለቃት ከዚያ በኋላ ነው፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል።

የወር አበባዋን ነገር ለእኔ በአንድ አጭር መስመር ነው ያለፉት። ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ይንገሩ።