አዲስ አፕ ከማውረድህ በፊት

ጥያቄህ እንደገባኝ ሁሉንም ነገር ካላንደር ላይ ትመዘግባለህ፣ ስልክህ ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ አንተ ደግሞ በጣትህ ገፋ እያደረግክ ታልፈዋለህ፣ ማታ ላይ ግማሹ አልተሠራም። የትኛው አፕ ይሻለኛል ነው ያልከው። እኔ ጎግል ካላንደርንም፣ ማይክሮሶፍት ቱ ዱንም፣ ቱዱኢስትንም ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜያለሁ፣ ሦስቱም ይሠራሉ። ያንተ ችግር ቀጠሮንና ሥራን አንድ ቦታ ማጨቅህ ይመስለኛል።

እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ነገሩም አብሮ ያልፋል ወይ? ስብሰባ ያልፋል፣ የሐኪም ቀጠሮ ያልፋል፣ በረራማ ጭራሽ አይጠብቅህም። እነዚህ ካላንደር ላይ ይግቡ። ኢሜይል መመለስ ወይም መንጃ ፈቃድ ማሳደስ ግን ጠዋት ባይሆን ከሰዓት፣ ዛሬ ባይሆን ነገ ይሆናል፣ ስለዚህ ቦታው የታስክ (የሚሠሩ ሥራዎች) ዝርዝር ነው። ካላንደር ላይ ያስገባኸው ነገር ሠራኸውም አልሠራኸውም ሰዓቱ ሲያልፍ ወደ ኋላ ይቀራል። ታስክ ግን ጨረስኩ ብለህ ምልክት እስክታደርግበት ድረስ ቀኑ እንዳለፈበት እያሳየ ይጠብቅሃል፣ ኖቲፊኬሽኑን ገፋ ብታደርገውም ከዝርዝሩ አይጠፋም። ጎግል በካላንደሩ ውስጥ የነበሩትን ሪማይንደሮች (ማስታወሻዎች) በፈረንጆቹ 2023 ጎግል ታስክስ ወደሚባለው የሥራ ዝርዝሩ አዛውሯቸዋል፣ ታስኮቹም ቀን ከሰጠሃቸው እዚያው ካላንደሩ ላይ ይታያሉ። ስለዚህ ሌላ ነገር ሳታወርድ ዛሬውኑ መለየት ትችላለህ።

ሁለተኛው ነገር የሚደወልበት ሰዓት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ክፍያው የሚያበቃው በ30 ከሆነ ማስታወሻውን በ30 ይሞላዋል። በ30 ደግሞ መንገድ ላይ ነው፣ ወይ ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይ ባትሪው አልቋል። ማስታወሻ መደወል ያለበት ሥራውን ልትሠራው በምትችልበት ሰዓት ነው። ኮምፒውተር የሚፈልግ ከሆነ ኮምፒውተር ፊት በምትቀመጥበት ሰዓት፣ ስልክ መደወል ከሆነ የሰዎቹ ቢሮ ክፍት በሆነበት ሰዓት። አይፎን ካለህ ሪማይንደርስ የሚባለው የስልኩ አፕ በቦታም ይሠራል፣ ከቢሮ ስትወጣ ወይም ቤት ስትደርስ እንዲያስታውስህ ማድረግ ትችላለህ። ለቀጠሮ ደግሞ ካላንደሩ ከአንድ በላይ ማስታወሻ ስለሚቀበል አንዱን ለዝግጅት ከቀኑ በፊት፣ ሌላውን ለመነሻ ሰዓት አድርገው። መነሻ ነው ያልኩት፣ መጀመሪያ አይደለም! ስብሰባው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ታክሲ ውስጥ ላለ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

አጻጻፉም ላይ ትንሽ ልድከም። "መድን" ብለህ ብቻ ከጻፍክ ሲደወል ምን ማድረግ እንዳለብህ እንደገና ማሰብ ሊኖርብህ ነው፣ ማሰብ ደግሞ ያታክታል፣ ገፋ አድርገህ ታልፈዋለህ። "ለመድን ድርጅቱ ደውሎ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ መጠየቅ" ብለህ ብትጽፍ ግን እጅህ ወዲያው ወደ ስልኩ ይሄዳል።

በየጊዜው ለሚደጋገም ሥራ ቱዱኢስት አንድ የምወድለት ነገር አለው። በእንግሊዝኛ "ኤቭሪ" (every፣ በየ... ማለት ነው) ብለህ ድግግሞሹን ስትጽፍ ተራውን ከተያዘው ቀን ይቆጥራል፣ ቃሉ ላይ ቃለ አጋኖ ስትጨምርበት (every!) ግን ሥራውን ከጨረስክበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። ማጣሪያ መቀየር ለመሳሰለው፣ ዘግይተህ ብትሠራውም ቀጣዩ በዚያው ልክ ለሚገፋ ነገር፣ ሁለተኛው ነው የሚያዋጣው።

አንድሮይድ ከሆነ ስልክህ ደግሞ የባትሪ ሴቲንጉን ተመልከት። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ አፖች ከጀርባ የሚሠሩትን ሥራ ሊያዘገይባቸው ይችላል፣ አንዳንድ ስልኮች በዚህ ላይ የራሳቸውን ቁጥጥር ይጨምራሉ። ማስታወሻ እየዘገየ የሚደርስህ ከሆነ አፑን ገደብ ከሌለባቸው ውስጥ አስገባው፣ ኖቲፊኬሽንም የተፈቀደለት መሆኑን እይ። አፑ አይሠራም ተብሎ የሚጠፋው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

እና አፕ ላይ ብዙ አትሙት። ዎንደርሊስት የሚባለውን የሥራ ዝርዝር አፕ የሚወዱት ስንት ሰዎች ነበሩ፣ ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ 2015 ገዛው፣ በ2020 ተዘጋ። ስትመርጥ ያስገባኸውን መልሶ በፋይል የሚያወጣልህ መሆኑን ብቻ አረጋግጥ።

ከባለቤትህ ጋር ካላንደር መጋራትን ለጠየቅከው፣ ዋናውን አትስጣት፣ የሥራህ ስብሰባ ሁሉ ስልኳ ላይ ይዘረገፋል። ለጋራ ጉዳይ ብቻ አዲስ ካላንደር ክፈትና ማስተካከልም እንድትችል ፈቃዱን ስጣት፣ ማየት ብቻ ከፈቀድክላት መዝጋቢው አንተ ብቻ ሆነህ ትቀራለህ።