የሬቲና ደም ቅዳ ሲያብጥ፦ እንጠብቅ ወይስ ሌዘር?

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ግፊት አለባት፤ ኪኒኑን ግን የምትውጠው ራሷን ሲያማት ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት ስትነሳ የግራ ዓይኗ መሀሉ ጠቆረባት፤ ሕመም የለውም። ሐኪም «የሬቲና ደም ቅዳ አብጦ ደም ፈሷል፤ ከወር በኋላ ተመለሱ» አለን። ዝም ብለን እንጠብቅ? ሌዘር አይሻልም ወይ?
ከሐይቅ

መልስ፦ ለብዙ ታማሚ መጠበቁ ትክክል ነው፤ እብጠቱ ከደማ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በረጋ ደም ተደፍኖ በራሱ ይኮማተራልና። የእናትዎ ግን መሀሉ ስለጠቆረ፣ ወሩ ሳይሞላ ተመልሰው ይህን ይጠይቁ፦ ደሙ ያለው ከሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ ንጣፍ፣ ፊት ነው ወይስ ከሥሩ?

ከፊት ከሆነ በጊዜ ይመጠጣል፤ ከዘገየም ያግ በተባለው ሌዘር ደሙን ያፈነው ስስ ሽፋን ይበሳና ወደ ዓይን ውስጥ ይፈስሳል፣ ቀስ በቀስም ይጠፋል። ከማኩላው ማለትም ጥርት አድርገን ከምናይበት መሀል ሥር ከሆነ ግን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳቱን በቀናት ውስጥ መጉዳት ይጀምራል። አንድ ሳምንት አልፏልና ነገ ዛሬ ሳትሉ የሬቲና ስፔሻሊስት ዘንድ ሂዱ፤ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አንዱ ነው። እዚያ ቪትሬክቶሚ (ዓይንን የሞላውን ዝልግልግ ነገር የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና) ተሠርቶ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ከሬቲናው ሥር ሊሰጥና ደሙ በጋዝ ከመሀል ሊገፋ ይችላል።

ጋዝ ከተጨመረ ስለ መንገዱ ሳትጠይቁ አውቶቡስ አትሳፈሩ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ ሐይቅ ስትመለሱ የምታልፉበት ጣርማ በር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር ጋዙ ይሰፋል፣ የዓይን ግፊት ይንራል፣ ዓይኑ እስከ መታወር ሊደርስ ይችላል። አውሮፕላንም ያው ነው። ኤስኤፍ6 የተባለው ጋዝ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ሲ3ኤፍ8 ደግሞ ሁለት ወር ያህል ዓይን ውስጥ ይቆያል። የትኛው እንደገባ ወረቀት ላይ አስጽፉ፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያጋጥም ሰመመን ሰጪውም ማወቅ አለበት።

ሌዘሩን በተመለከተ፣ እብጠቱን በቀጥታ መምታት ሊያፈነዳው ወይም ደም ቅዳውን ሊዘጋው ይችላል፤ ያኔ ከዚያ ወዲያ ያለው ሬቲና ደም ያጣል። የሚታሰበው እብጠቱ ፈሳሽና ስብ እያንጠባጠበ ማኩላውን ሲያሳብጠው ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በዙሪያው፣ በቀላል ኃይል። ለዚሁ ችግር ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት 1.25 ሚሊግራም በ0.05 ሚሊሊትር ዓይን ውስጥ ይወጋል፤ መደጋገም ሊያስፈልገው ይችላል።

የችግሩ ምንጭ ግን ግፊቱ ነው። ዕድሜና ግፊት ግድግዳውን ያደድሩታል፣ የሳሳበት ቦታ ይወጠራል። ግፊት 180 ደርሶም ራስ ላያምም ስለሚችል ኪኒኑ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጥ። ሲለኩ አምስት ደቂቃ አርፈው፣ ቡናም ሳይጠጡ፣ ክንዳቸው ተራቁቶ በልብ ትክክል ተደግፎ፣ ሁለት ጊዜ ይለኩ፤ ኢላማው ከተስማማቸው ከ130/80 በታች ነው። ቡናውን በጨው የሚጠጡ ከሆነ (ወሎ ነውና መጠየቁ አይከፋም) ጨዉ ይቅር፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ እስከ በረካ ሲጠጣ ቀላል አይደለም። ጫትም ግፊት ይጨምራል። ለጉልበት ሕመም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዳይክሎፌናክም እንዲሁ።

ቀኙም ዓይን ይታይ፤ ከአሥር ታማሚ በአንዱ ገደማ ሁለቱም ዓይን ላይ ይገኛል። ደሙ ሲጠራም ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳው የሬቲና ፎቶ ይነሳ፤ በዕድሜ የሚመጣው የማኩላ በሽታም እንዲሁ ይደማልና ደሙ ሸፍኖት ሊሆን ይችላል።