ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል ለተባለችው ልጅ እናት

እህቴ፣ የ8 ዓመት ልጄ ህብለ ሰረሰሯ ውስጥ ውሃ ታየ፣ ኦፕሬሽን ትደረግ ወይስ ትቆይ ብለሽ የጠየቅሽው የኔም ልጅ ያለፈበት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኛ ድሬ ሳቢያን ነን፣ ልጄ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር፣ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ትከሻው ዝቅ ማለቱን ነው፣ አንድ ክሊኒክ ሄደን የቦርሳ ክብደት ነው አሉን፣ እኔም አምኜ ቦርሳ ቀየርኩለትና 7 ወር እንደዛ ሄደ። ከዛ አንድ ቀን ጠዋት የጋለ ማንቆርቆሪያ ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆዳው ሲላጥ እሱ ዳቦውን ይበላል፣ እማ ምን ይሸታል ነው ያለኝ! አቦ ያንን ቀን አልረሳውም። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ውሃው ህብለ ሰረሰሩ መሀል ላይ ሲወጠር ቀድሞ የሚጎዳው የህመምና የሙቀት ስሜት የሚሻገርበትን ነርቭ ነው፣ ሲነኩት ግን ያውቃል፣ እርሳስ ይይዛል፣ ለዛ ነው ማንም ያልጠረጠረው።

አሁን አንቺ ሐኪሙን መጠየቅ ያለብሽ ውሃው ለምን ተጠራቀመ የሚለውን ነው፣ ኦፕሬሽኑ የሚወሰነው በሱ ነው። የኔ ልጅ የአንጎሉ የታችኛው ጫፍ ወደ አንገቱ ወርዶ በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚዘዋወረውን ውሃ መንገድ ዘግቶት ነበር፣ ኪያሪ ይሉታል፣ ስለዚህ ውሃውን ራሱን አልነኩትም፣ ከማጅራቱ በላይ ካለው የራስ ቅልና ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ትንሽ አንስተው የአንጎሉን ሽፋን አሰፉለት። ከኦፕሬሽኑ በኋላ በ6 ወሩ ኤምአርአይ ሲነሳ ውሃው በጣም ቀንሷል፣ ያ ትከሻውን ዝቅ ያደረገው የጀርባው መጥመምም ቆሟል፣ የክንዱ ስሜት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ይሄን ልደብቅሽ አልፈልግም፣ የባከነው 7 ወር እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሌላ ልጅ ደግሞ ህብለ ሰረሰሩ ታች ወገብ ላይ ተይዞ ይሆናል፣ እነሱ ሽንት ያመልጣቸዋል፣ ወገባቸው ላይ ፀጉር ወይ ጎድጓዳ ነገር ይታያል፣ ኦፕሬሽኑም የያዘውን መፍታት ነው። ዕጢም ሊሆን ስለሚችል በመርፌ ቀለም ሰጥተው ያነሳሉ። ትንሽና ምንም ምልክት የሌለው ከሆነ ግን ኤምአርአይ እየደገሙ መከታተል ብቻ ሊበቃ ይችላል፣ ቆዩ ቢሉሽ ቸል አሉኝ ብለሽ አትዘኚ። ግን እግሯ ከዛለ፣ ሽንቷ ከተቀየረ፣ ስትውጥ ትን ካላት ቀጠሮ አትጠብቂ።

ወገቧን ብቻ ከሆነ የተነሳችው አይበቃም፣ ጭንቅላቷም አከርካሪዋም በሙሉ ይታይ። አዲስ አበባ ስትሄጂ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዢ፣ ኒውሮሰርጀኑ (የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ኦፕሬሽን የሚሰራው ሐኪም) ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል፣ እኛ ወረቀት ብቻ ይዘን ሄደን እንደገና ከፍለን ነው የተነሳነው።