ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ጥገና አይደለም

«የ2007 ሞዴል፣ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ አለኝ። ወደ እንጦጦ ስወጣ ቀዩ የሙቀት መብራት ይበራል። ራዲያተሩ ውሃ ይጎድልበታል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ አላየሁም። መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሞተሩ አለመሞቁን የሚያሳየው ሰማያዊ መብራት ቶሎ አይጠፋም። አሁን ደግሞ ሞተር ቀይር ይለኛል። ልቀይር ወይስ ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ?» አንባቢ ከአዲስ አበባ

ሞተር ለመቀየር አይቸኩሉ። መሬት ላይ ሳይፈስ የሚጠፋ ውሃ ብዙውን ጊዜ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበልቶ ወደ ሲሊንደር እየገባ፣ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) የሚወጣ ውሃ ነው። ነገር ግን ይህን በግምት አይቀበሉ፤ ያስመርምሩ።

ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ እንዳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሡት። ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከተንደቀደቀ የቃጠሎ ጋዝ እየገባ ነው። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ያስፈቱ፤ ከሦስቱ አንዱ ታጥቦ የነጣ ከሆነ ውሃ የሚገባው በዚያ ሲሊንደር ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው የጋዝ መመርመሪያ ያለበት ጋራዥ ካገኙ ደግሞ ራዲያተሩ አፍ ላይ ያድርጉት፤ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ ክርክሩ አለቀ። ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎትና በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታይ ነጭ አረፋ ግን ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። በተለይ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደንብ ስለማይሞቅ እርጥበት ያጠራቅማል።

ስለ ቴርሞስታቱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ ልማድ በከተማችን ስንቱን ሞተር ጎድቷል! ቴርሞስታት የሞተሩ ውሃ ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ 82 ዲግሪ አካባቢ የሚከፈት በር ነው። እሱ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ ዘይቱንም ያቀጥናል። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተርም ሥራውን የሚጀምረው 250 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ሞተሩ በበረደ ቁጥር መርዛማው ጋዝ ሳይጣራ ይወጣል። አየር እንዳይበክል ተብሎ የተሠራው ሞተር ሁሉ የቆመው በትክክለኛ ሙቀት ላይ ነው።

የችግሩ ሥር ምናልባት ርካሽ ዕቃ ይሆናል፤ የራዲያተሩ ክዳን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። ጤነኛ ባለ 1.1 ክዳን መፍያውን ወደ 117 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳንና የቧንቧ ውሃ ይዘው እንጦጦን ቢወጡ መፍላቱ አይቀርም። የእርስዎ ቪትዝ ደግሞ የሙቀት መርፌ የለውም፤ ቀዩ መብራት እስኪበራ ድረስ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል።

ምርመራው ጓርኒሲዮኑን ካረጋገጠ ቴስታታው ይፈታ፤ ፊቱ በቀጥታ ማስመሪያ ብረትና በስስ መለኪያ ይፈተሽ። ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይስተካከል፤ ከተሰነጠቀ ግን ሌላ ቴስታታ ይፈለግ። ይህን ሳይለኩ አዲስ ጓርኒሲዮን ብቻ ጥለው ቢገጥሙት ያው ችግር ይመለስብዎታል። ብሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር በቅደም ተከተልና በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ። አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ የራዲያተር ክዳንና ትክክለኛ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይግቡበት።

ወደ ኤሌክትሪክ መግባትን አልቃወምም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከከለከለ ወዲህ አቅጣጫው ታውቋል፤ ቴስታታም ማርሚታም የሌለው መኪና መሆኑም ደስ ይላል። ሌሊት መኪናዎን የሚሞሉበት ግቢ ካለዎት ያስቡበት። ሆኖም አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በልዩ ኩላንት ስለሆነ እዚያም የቧንቧ ውሃ መጨመር ክልክል ነው። ቪትዙን የሚሸጡትም ቢሆን አስጠግነው ይሽጡት፤ ገዢው ቤተሰቡን ይዞ ሽቅብ ሊወጣበት ነው።

እስከዚያው ዳገት አይውጡ። ቀዩ መብራት ከበራ ዳር ይዘው ወዲያውኑ ያጥፉት፤ እስኪበርድ ድረስም ክዳኑን አይንኩ።