ሶፋ ላይ የሚያድረው ተከላካይ

ለአምዱ አዘጋጅ፦

ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው የምጽፍልህ። ባለቤቴ 16 ዓመት በተከላካይነት የተጫወተ ፕሮፌሽናል የእግር ኳስ ተጫዋች ነበር። በ34 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ፤ ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። ሲጫወት ክለብ በቀየረ ቁጥር ዕቃ እየጠቀለልኩ ተከትዬዋለሁ፣ ልጆቹንም ብቻዬን አሳድጌያለሁ። ሲያቆም ተራው የእኔ ይሆናል ብዬ ነበር።

አልሆነም። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የድሮ ጨዋታዎቹን ያያል። ሁለት ጊዜ ታዳጊዎችን እንዲያሠለጥን ተጠይቆ እምቢ አለ፤ ምክንያቱን አይናገርም። ትንሹ ልጃችን ኳስ ይዞ ሲጠራው «ነገ» ይለዋል፤ ነገ ግን መጥቶ አያውቅም። አምፖል እንኳን ሲቃጠል ወንበር ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ደጋፊዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት እየሳቀ ፎቶ ይነሣል፤ ቤት ሲገባ ፊቱ ይዘጋል።

ጉልበቱን እንደሚያመው አውቃለሁ። በ27 ዓመቱ የተቀደደ ሜኒስከስ በቀዶ ጥገና አውጥተውለታል። ግን ያ የቆየ ነገር ነው፤ ጠዋት ክኒኑን ሲውጥ ያልፍለታል። ደረጃ ሲወርድ እንደ ሸርጣን በጎኑ ስለሆነ ልጆቹ ይስቁበታል፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ስለዚህ ሕመም ነው ብዬ ስንፍናውን ልሸፍንለት አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። መኝታ ቤታችን ፎቅ ላይ ነው። ከዓመት ወዲህ «ቴሌቪዥን እያየሁ እዚሁ ልተኛ» እያለ ታች ሶፋው ላይ ያድራል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ኩራቴ አልፈቀደልኝም። እህቴ ሌላ ሴት ሳይኖረው አይቀርም ትላለች። የማይፈልገኝን ሰው እስከ መቼ ልጠብቅ? ትቼው ልሂድ?

የተከላካዩ ሚስት

መልስ፦

እህቴ፣ መኝታ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው ብለሻል። ደረጃውን በጎኑ እንደሚወርድም ነግረሽኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ደግመሽ አንብቢያቸው። ሰውየው ደረጃው አቅቶት ነው እንጂ ከአንቺ ሸሽቶ አይደለም ብዬ እወራረዳለሁ።

የአርጀንቲናውን አጥቂ ጋብሪኤል ባቲስቱታን ታስታውሽው ይሆናል፤ በጣሊያኑ ክለብ ፊዮረንቲና እያለ ተከላካዮች የሚርዱለትን። እ.ኤ.አ. በ2005 ኳስ አቆመ፤ ብዙ ሳይቆይ ቁርጭምጭሚቱ መራመድ ከለከለው። ሽንት ቤቱ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ እያለ፣ መነሣቱን ፈርቶ አልጋው ላይ እንደሸና በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሐኪሙንም እግሮቼን ቁረጥልኝ ብሎ ለምኖታል፤ ሐኪሙ እምቢ አለ እንጂ። ይህን ለሰው ለመናገር ዓመታት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተገጠመለት።

ባልሽም የተማረው ዝም ማለትን ነው። «አመመኝ» ያለ ተጫዋች ቦታውን ለተቀያሪው ያስረክባል፤ ስለዚህ ክኒን ውጦ ወይም መርፌ ተወግቶ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2010 የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ከተጫዋቾቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት የሕመም ማስታገሻ ይወስዱ ነበር። 16 ዓመት ሕመሙን ከአሠልጣኝ ሲደብቅ የኖረ ሰው፣ አሁን አሠልጣኙ አንቺ ሆነሻል።

«ያልፍለታል» ያልሽው ግን አናዶኛል። የሚያልፈው ስሜቱ ነው። ሜኒስከስ በጭንና በቅልጥም መካከል ያለ ትራስ ነው፤ ከወጣ በኋላ አጥንቱን የሚሸፍነው ልስላሴ እየተፋቀ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይበቅልም። ማስታገሻውም ለዓመታት በየቀኑ ሲዋጥ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። በቀን ስንት እንደሚውጥ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ አምፖሉ እንኳ ከክኒኑ የበለጠ ቦታ አግኝቷል።

ታዳጊዎችን ለማሠልጠን መቆም፣ መሮጥ፣ ኳስ መትቶ ማሳየት ያስፈልጋል። ልጁን «ነገ» የሚለው ጉልበቱ የሚሻለው ቀን ይመጣል ብሎ ይመስለኛል። የድሮ ጨዋታውን ማየቱንስ ለምን ትጠይቂኛለሽ? ያ ጉልበት ደህና ሆኖ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው።

እሱም ጥፋት አለበት፤ ሚስቱን ዓመት ሙሉ በጥርጣሬ ከማቃጠል አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይቀለው ነበር። ግን አንቺም አልጠየቅሽም። «ለምን አትመጣም?» አትበይው፤ ይህ ክስ ነው፣ ለክስ ደግሞ መከላከል ሙያው ነው። «ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው የሚጀምርህ?» በይው። ቁጥሩን ከነገረሽ ሌላውም ይከተላል።

ከዚያ አብራችሁ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ብቻውን ከላክሽው «ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚመለሰው። ክኒኖቹን በሙሉ ይዛችሁ ግቡ። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር ፊዚዮቴራፒ ብዙ ሰው ረድቷል። ሰው ሠራሽ ጉልበት በ42 ዓመት ሐኪሞች ቶሎ አይመርጡትም፤ እሱም በጊዜው ስለሚያልቅ ነው።

የእህትሽን ምክር ለጊዜው አቆዪው። ከተሳሳትኩ ጻፊልኝና በዚሁ አምድ ስሕተቴን አምናለሁ። ለዛሬ ማታ ግን ትራስሽን ይዘሽ ታች ውረጂ። ሶፋው ለሁለት ከጠበበ ፍራሽ አንጥፈሽ አንቺ መሬት ላይ ተኚ፤ እሱ ከመሬት መነሣት አይችልም።