የግልግል ውሳኔው ተሻረ፤ አዳማ የተገኘው ሥራስ?

ከሐዋሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ለስድስት ዓመት የስፌት መኪና ስትጠግን ከኖርክበት ፋብሪካ ከ14 ወር በፊት ተሰናበትክ። የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በተፈራረሙት የኅብረት ስምምነት መሠረት የተመረጡት የግልግል ዳኞች ወደ ሥራህ እንድትመለስ ወሰኑ። አሠሪህ አቤት አለና የሥራ ክርክር ችሎቱ ውሳኔውን ከሻረው 11 ቀን ሆነው። አሁን አዳማ ካለ ፋብሪካ የአንድ ዓመት ውል ቀርቦልሃል። «ይግባኝ ለማለት ፈቃድ ያስፈልገኛል? ሥራውን ብይዝስ ክርክሬ ይበላሻል? ወይስ ማስተርስ ልማር፣ አጎቴ ሱቅ ልግባ?» ትላለህ። አባትህ በበኩላቸው አለታ ወንዶ ያለውን የቡና ማሳ ለዓመታት አከራይተው ጠበቃ ሊቀጥሩልህ ተነሥተዋል።

ይግባኝ መብትህ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አትጠይቅበትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጊዜው 30 ቀን ስለሆነ 19 ቀን ቀርቶሃል። «ፈቃድ» ብለው የነገሩህ ምናልባት «ያስቀርባል» የሚባለውን ይሆናል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቅሬታህ ካላሳመነው አሠሪህን ሳይጠራ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻህ የበደልህ ታሪክ አይሁን፤ ችሎቱ የግልግሉን ውሳኔ ሲሽር የቱ ላይ እንደተሳሳተ በሁለት ገጽ ያሳይ። ጉዳይህ የመጨረሻው ችሎት የሆነው ሰበር ቢደርስም መጀመሪያ ያስቀርባል አያስቀርብም የሚል አጣሪ ችሎት አለ፤ እዚያ የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። አባትህ «የ14 ወሩ ደመወዝ ተጠራቅሞ ይከፈለዋል፤ በቆየ ቁጥር ይጨምራል» ይላሉ። አይጨምርም። ብትመለስ የሚከፈልህ ውዝፍ ደመወዝ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከስድስት ወር፣ በይግባኝ ደግሞ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። በ9,000 ብር ደመወዝህ ክርክሩ አራት ዓመት ቢፈጅም ጣሪያው 108,000 ብር ነው። ለዚህ የቡና ማሳ አይከራይም! አባትህን አከብራለሁ፤ ነገር ግን የቤተሰቡ ክብር በአንድ ፋብሪካ በር ላይ አልተሰቀለም። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። መጀመሪያ እዚያ ሂድ።

ዘጠኝ ዓመት በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ሠርቻለሁ፤ የስንብት ደብዳቤ የማረቅቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመለሰ። አለቃው መጋዘን ደጃፍ ወንበር ሰጠው፤ ሥራ ግን አልሰጠውም። ለሰባት ወር በየማለዳው ፈርሞ ይቀመጥ ነበር። ስምንተኛው ወር ላይ የመልቀቂያ ማመልከቻውን ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ከዚያ ቢሮ ብዙ አልቆየሁም።

በመጀመሪያው ማመልከቻህ ካሳን በአማራጭነት ጠይቀህ ከሆነ፣ ይግባኙ ላይ እሱን አጥብቀህ ያዝ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና ካልተመለስክ ካሳው የአማካይ ቀን ደመወዝህ 180 እጥፍ ነው፤ ቀኑን በ300 ብር ብናስበው 54,000 ብር። የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ክፍያና የሥራ ስንብት ክፍያው ለብቻ ነው። ግንኙነቱ ከሻከረ፣ አንተ መመለስ ብትፈልግ እንኳ ፍርድ ቤቱ በካሳ ሊያሰናብትህ እንደሚችል እወቅ።

አዳማ ሂድ። ሥራ መያዝ ይግባኝ ከማለት አያግድህም። ለቀጠሮ መመላለሱ ካሰጋህ ሕጉ ወንድም ለወንድሙ በውክልና እንዲከራከር ይፈቅዳል፤ ውክልናውን ሳትሳፈር ለወንድምህ ስጠው። የአንድ ዓመት ውል አጭር ነው ትላለህ፤ እጅ ግን ሳይሠራ 14 ወር ሲቀመጥ ይዝጋል፤ ያንተ ሙያ ደግሞ በእጅህ ነው።

ማስተርሱን እርሳው፤ ዲፕሎማ ይዘህ አይጀመርም። የአጎትህ ሱቅ አይሸሽም።

አንድ ነገር ግን ዘንግተሃል። «እየተከራከርኩ እንዴት እጠይቃለሁ» ብለህ የሥራ ልምድ ማስረጃህን ሳትወስድ ቆይተሃል። የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደመወዝህን የሚገልጽ ደብዳቤ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ መቀበልህም ክርክሩን መተው አይደለም። ሰኞ ጠዋት በጽሑፍ ጠይቅ፤ ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስሞላ። ከጥበቃዎቹ ጋር ግን ስለ ይግባኙ አታውራ፤ እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ የበሩ ወሬ ሁልጊዜ ከባለጉዳዩ ቀድሞ ይደርሰኝ ነበር።