መስመሩ የት ጋ ነው?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መጡብኝ። አንዷ አዌቱ ድልድይ ላይ አስቁማኝ ነው። አንዱ ደወለልኝ። ሌላዋ ቤት መጥታ ቡና እየጠጣን አነሳችው። ሦስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር ሊሮጡ ተመዝግበዋል። የገረመኝ፣ አንዳቸውም ርቀቱን አልፈሩም። የፈሩት ሰዓቱን ነው። «እኔ ዘገምተኛ ነኝ። የጊዜ ገደቡ ቢያልፍብኝስ? መንገዱ ተከፍቶ መኪና መሃል ብቀርስ? ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ብደርስስ?» ይላሉ። እንደነሱ የሚጨነቅ ሌላም ብዙ ልጅ እንዳለ ስለማውቅ ለሁላችሁም ልጻፍ አልኩ።

እዚሁ ጅማ 31 ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። ውድድር ሲኖር ሥራዬ ማጠናቀቂያው ላይ ቆሞ ሰዓት መያዝ ነበር። ሩጫን የማውቀው ከዚያ በኩል ነው፤ የሚመጣውን ሰው ፊት ለፊት እያየሁ።

ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልናገር። ይህን ሳልናገር ብጀምር ይከብደኛል።

አንድ ዓመት ለ9ኛ ክፍል ሴቶች 5 ኪሎ ሜትር አዘጋጀን። ማጠናቀቂያውን ሜዳው ላይ በኖራ አሰመርኩ። አንደኛዋ ገባች፣ ተጨበጨበ። አሥረኛዋ፣ ሃያኛዋ ገቡ። ከዚያ እየሳሳ ሄደ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ሁሉም የገቡ መሰለኝና ሰዓቱን ዘጋሁ፣ ገመዱን ጠቀለልኩ፣ ወረቀቱን አጠፍኩ። ልጆቹ እየተሯሯጡ ኖራውን ረጋገጡት።

ይኼኔ አንዲት ልጅ በበሩ ብቅ አለች። የሸራ ጫማ ነው ያደረገችው፤ የግራው ማሰሪያ ተፈትቶ ይጎተታል። እየሮጠች ነበር። በጣም ቀስ ብላ፣ ግን እየሮጠች። መሃል ሜዳ ደረሰችና ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። «ቲቸር፣ መስመሩ የት ጋ ነው?» አለችኝ።

የምለው አጣሁ። «በቃ ጨርሰሻል፣ ግቢ» አልኳት። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ መሬቱን ፈለገች። ትንሽ ነጭ የቀረችበት ቦታ አገኘች። በእግሯ ረገጠቻትና ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። የሷ ሰዓት እዚያ ወረቀት ላይ የለም። ከዚያ በኋላ ስትሮጥ አላየኋትም። የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ይህን አልረሳሁትም።

እንግዲህ ወደ ገደቡ እንምጣ። የጊዜ ገደብ ለምን ይቀመጣል? መንገዱ የተዘጋው ለተወሰነ ሰዓት ስለሆነ ነው። ትራፊክ ፖሊሶቹ፣ አምቡላንሱ፣ ውሃ የሚያድሉት ልጆች ቀኑን ሙሉ እዚያ ሊቆሙ አይችሉም። ታክሲው መሥራት አለበት፣ ባለሱቁ መክፈት አለበት። ገደቡ የሚነግራችሁ እነዚህ ሰዎች እስከ ስንት ሰዓት አብረዋችሁ እንደሚቆዩ ነው። ስለ ጉብዝናችሁ የሚለው ነገር የለም።

ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምታስቡት በላይ ሰፊ ነው። የበርሊን ማራቶንን እንውሰድ። ኃይሌ ገብረሥላሴ መስከረም 2001 ዓ.ም. እዚያ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ሪከርድ ሰበረ። በዚያ ውድድር ለተራው ሯጭ የተቀመጠው ገደብ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ለዚህ ብታካፍሉት አንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 8 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ይደርሰዋል። ይህ ቀለል ያለ ሶምሶማ ነው። እርግጥ ለ42 ኪሎ ሜትር ዱብ ዱብ ማለት ቀላል ነው አልልም። ግን ከኃይሌ ጋር ተሽቀዳደሙ ያላችሁ የለም።

የእናንተን 10 ኪሎ ሜትር እናስላ። እስክሪብቶ ያዙ። ጤነኛ ወጣት ቀልጠፍ ብሎ ሲራመድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ እርምጃ እንኳ ሳትሮጡ በ2 ሰዓት ትጨርሳላችሁ። አሁን ገደቡ 1 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ለአንዱ ኪሎ ሜትር 9 ደቂቃ አላችሁ ማለት ነው። 3 ደቂቃ ሩጡ፣ 1 ደቂቃ ተራመዱ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ሩጡ። ሩጫችሁ ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ የሚጨርስ ዝግ ያለ ቢሆንም፣ እርምጃው ተጨምሮበት 10ሩን በ87 ደቂቃ አካባቢ ትገባላችሁ። ሩጫውን ወደ 7 ደቂቃ ተኩል ካሻሻላችሁት ደግሞ 83 ደቂቃ ይሆናል። ሰባት ደቂቃ ተረፋችሁ። ጫማ ለማሰር፣ ውሃ ለመጠጣት፣ ዳገት ለመውጣት ይበቃል።

መራመድ ያሳፍረናል የምትሉ ብዙ ናችሁ። እባካችሁ ይህን ተዉት። ጄፍ ጋሎዌይ የሚባለው አሜሪካዊ በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር የሮጠ ሰው ነው። ሩጫና እርምጃን እያፈራረቁ ርቀት መጨረስን ለብዙ ጀማሪ ያስተማረው እሱ ነው። ምስጢሩ ደክሟችሁ ሳይሆን ሳይደክማችሁ መራመድ ነው። ትንፋሽ እስኪያጥራችሁ ሮጣችሁ ከቆማችሁ እግራችሁ እንደገና አይነሳም። ከመጀመሪያዋ ሦስት ደቂቃ ጀምራችሁ ከተራመዳችሁ ግን ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይም ትሮጣላችሁ።

አሁኑኑ አድርጉት የምላችሁ ነገር ቢኖር አዘጋጆቹን መጠየቅ ነው። ገደቡ ስንት ነው? የሚቆጠረው ማስጀመሪያው ሲተኮስ ነው ወይስ የመጨረሻው ሰው መነሻውን ሲያልፍ? መሃል ላይ፣ ለምሳሌ 5 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሌላ ገደብ አለ? ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሕዝቡ ብዙ ከሆነ መነሻው ጋ ለመድረስ ብቻ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድባችሁ ይችላል። ያ አሥር ደቂቃ የማን እንደሆነ ቀድማችሁ እወቁ።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ሦስት ወር ካላችሁ አትጨነቁ። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ሁለቱ ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ አንዱ ቀን ረዘም ያለ። ረዥሙን ከ3 ኪሎ ሜትር ጀምሩ፤ በየሳምንቱ ግማሽ፣ ቢበዛ አንድ ኪሎ ሜትር ጨምሩበት። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት 8 ወይም 9 ከደረሳችሁ አሥሩን ትጨርሳላችሁ። ፍጥነታችሁን በስልክ ከመለካት በወሬ ለኩት። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተነጋገራችሁ መሮጥ ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል፤ ቀንሱ።

ጅሬንን አደራ። የጅማ ልጅ ሩጫ ሲጀምር የመጀመሪያ ሐሳቡ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ መውጣት ነው። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገቱም ዳገት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወጥተው በሁለተኛው ቅልጥማቸውን ይዘው የተቀመጡ ስንት ልጆች አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ወር ሜዳ ሜዳውን ሩጡ። ጅሬንን በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ሞክሩት፣ ዳገቱን እየተራመዳችሁ። ስትወርዱ ደግሞ አትልቀቁት፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለት ነው። ሐሙስ ጠዋት ከወጣችሁ ለገበያ የሚወርዱ እናቶችን ታገኛላችሁ። ሸክም ተሸክመው፣ ሳይቆሙ፣ ሳይቸኩሉ ያን ሁሉ መንገድ ይጨርሱታል። እያለከለካችሁ ሲያዩአችሁ «ሱታ፣ ሱታ» ይሏችኋል። ቀስ በሉ ነው። ስሟቸው፤ ከኔ የተሻሉ አሠልጣኞች ናቸው።

ሳይነጋ አትውጡ። ጅብም ውሻም አለ። ቦዬ አካባቢ የምትሮጡ ደግሞ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ እንደሚወጣ አትርሱ፤ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ላይ ሰው ሲታይ ሂዱ። ሴቶች ልጆቼ፣ ለከፋው እንደሚያስመርራችሁ አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ፤ ረዥም ልብስና ሻርፕ ለብሶ መሮጥም ይቻላል፣ ቀለል ያለ ጨርቅ ይሁን እንጂ። ረመዳን ላይ የምትጾሙ ረዥሙን ሩጫ ተዉትና ለማፍጠሪያ ጥቂት ሲቀር ቀለል ያለ እርምጃና ሶምሶማ አድርጉ፤ ከዚያ ወዲያው ውሃ ታገኛላችሁ።

ጫማ ውድ ነው። ልባሽ ተራ ሄዳችሁ ብትገዙ ምንም አይደል። ሶሉን በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ተዉት። አንድ ተረከዙ በአንድ በኩል ያለቀ ጫማም አትግዙ፤ የቀድሞ ባለቤቱ አረማመድ እናንተ ላይ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ለውድድሩ ቀን አዲስ ጫማ አታድርጉ። ክረምት ላይ ካልሲ ስለሚርስ እግር ይልጣል፤ ጣቶቻችሁ መሃልና ጭናችሁ ላይ ቫዝሊን ቀቡ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። የለመዳችሁትን ብሉ። ጠዋት ሙዝ ወይም ቀጠን ያለ በሶ ጥሩ ነው። ቡና የለመደ ሰው አንድ ስኒ ቢጠጣ ይረዳዋል፤ ያለመደ የዚያን ቀን አይጀምር።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ ታላቁን ሩጫ የምትሮጡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር በዓል ነው፤ ከሯጩ የሚጨፍረው አይተናነስም፤ እዚያ ቀስ ብትሉ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ግን አዲስ አበባ ከጅማ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። እዚህ በ8 ደቂቃ የሮጣችሁት ኪሎ ሜትር እዚያ ትንፋሽ ይወስዳል። «ምን ሆንኩ?» ብላችሁ አትደንግጡ፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ቀድማችሁ ሒሳባችሁ ላይ ጨምሩት።

በውድድሩ ቀን ከኋላ ቁሙ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከሁሉም የዘገየው ይሁን። ብዙ ዓመት መስመሩ ላይ ቆሜ ያየሁት ይህን ነው፤ እያነከሱ፣ ውጋት ይዟቸው፣ ወገባቸውን ይዘው በመጨረሻ የሚመጡት አብዛኞቹ ሲነሱ የቀደሙት ናቸው። ቀስ ብላ የተነሳችው ልጅ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ በአንድ ታልፋቸዋለች። ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይም ካዞራችሁ ግን ቁሙ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትሮጣላችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ገደቡ ቢያልፋችሁስ? ይሆናል። ወደ ኋላ የቀሩትን የሚሰበስበው መኪና ይመጣና «ውጡ» ትባሉ ይሆናል። ከደከማችሁ ውጡ። ጉልበት ካላችሁና ከፈቀዱላችሁ ወደ እግረኛ መንገድ ተሻግራችሁ ቀጥሉ።

ጥቅምት 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ እንዳሸነፈ ሁላችንም እናውቃለን። አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ያቋረጠውም ያንን ውድድር ነው። ከተነሱት 75 ሰዎች የጨረሱት 57 ናቸው። 57ኛው ታንዛኒያዊው ጆን ስቴፈን አክዋሪ ነበር። መንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተጎድቷል፤ በፋሻ ታስሮ እያነከሰ ከማሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ፣ ከመሸ በኋላ ስታዲየም ገባ። መዝገቡ ላይ 3 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ይላል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው ሰዓት ያዡን ነው። አልሄደም። 27ቷን ሰከንድ ሳይቀር ጻፈለት።

ከውድድሩ በፊት አንድ ጊዜ 5 ኪሎ ሜትር ሞክሩ ብያቸው ሦስቱም ተስማምተዋል። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኳስ ሜዳው ጋ። ሌሎቻችሁም ኑ፤ በተለይ የምትዘገዩት። ኖራውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።